ቆመው የጠየቁልኝ

ታኅሣሥ 14፣ ከሰዓት

ገብሱ ዛሬም አላለቀም። ከማለዳ ጀምሮ አውድማ ላይ ከበሬዎቹ ኋላ ስዞር ዋልኩ። ጸጉሬ እብቅ። ዓይኔ እብቅ። እቤት ስገባ መጀመሪያ የማያት ግድግዳው ላይ በምረቃ ፎቶዬ የተሰቀለችውን ነው፤ ጥቁር ጋዋን ለብሳ፣ ጥርሷ እስከ መንጋጋዋ እየታየ የምትስቀዋን ማስተዋልን። የውኃ ምህንድስና ምሩቅ። አንዳንዴ በጥፊ ማለት ያምረኛል። ምን ያስቃታል?

ከተመረቅሁ ሦስተኛው አዝመራ ነው። መጀመሪያ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ኢንተርኔት ጠፋ። ከዚያ ማስታወቂያ መውጣቱን የምንሰማው ቀኑ ካለፈ በኋላ ሆነ። አሁን ማንም ስለ ሥራ አይጠይቀኝም፤ ይህ ደግሞ ከመጠየቁ ይብሳል።

ግን ደብተሬ፣ ዛሬ የከፈትኩሽ ለማልቀስ ብቻ አይደለም። ወሬ አለኝ። ሰብለ ደወለች። ሰብለን ታውቂያታለሽ፤ አብራኝ ተመርቃ አርብ ገበያ ከተማ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተችው። ጥር 6 ንፋስ መውጫ የሥራ አውደ ርዕይ አለ አለችኝ። ፋብሪካውም ባንኩም አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ሥራ ፈላጊው በየጠረጴዛው እየዞረ ሲቪውን ይሰጣል፣ ፊት ለፊት ያወራል። ከባሕር ዳር በኩል አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ይመጣል። የውኃ ሰው ይፈልጋሉ አለች።

መንገድ ካልተዘጋ። የሁሉ ነገራችን መጨረሻ ይህች ናት።

ታኅሣሥ 17፣ አመሻሽ

ሽማግሌ መጣብኝ።

ጓዳ ሆኜ ሽሮ እየነፋሁ ነበር። የበትር ድምፅ ሰማሁ። ሦስቱም ናቸው፤ በዚህ አገር ልጅ የሚጠይቁት፣ ደም የሚያደርቁት፣ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁት እነዚያው ሦስቱ። መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ ከዚሁ ከጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት፣ አፋቸው ማር። አያ ደሴ፣ ሰው አፍ አፉን እያዩ የሚያዳምጡት። አያ ቢምረው፣ ምንም የማይናገሩት፤ ግን እሳቸው ከሌሉ ነገሩ እንደማይያዝ ሁሉም የሚያውቀው።

አባዬ ኖር፣ ተቀመጡ አለ። አንቀመጥም አሉ። በትራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይሰሙት አይቀመጥም፤ መልስ እስኪያገኝ ቆሞ ይጠብቃል። እማዬ ከኔ አጠገብ ሆና ወንፊቱን ከእጄ ወሰደች።

የስማዳው ነጋዴ ልኳቸው ነው። እህል የሚጭነው። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፤ ከሠራተኞቹ ጋር ኩንታል እያወረደ ነበር። አስቀያሚ አይደለም። ደግ ነው ይላሉ። ደግ መሆኑ ነው የከፋኝ፤ ክፉ ቢሆን እምቢ ማለቱ ይቀልልኝ ነበር።

አባዬ ቀጠሮ ሰጣቸው። ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 13። ሲሄዱ ጠራኝ። ያ የምትይው ነገር ጥር 6 አይደል? ሥራውን ካገኘሽ እሄዳለሁ ብለሽ ትሄጂያለሽ፣ አንድ ቃል አልናገርም። ካላገኘሽ ግን ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። እስከ መቼ ፎቶሽን ሳይ እኖራለሁ? አለ። አልተቆጣም። ዓይኑን ግን አውድማው ላይ አድርጎ ነው የተናገረው።

እንግዲህ እንዲህ ነው ነገሩ። አንድ ቀን። አንድ አዳራሽ።

ታኅሣሥ 21፣ አርብ ገበያ

ከሰብለ ሱቅ። ገበያ ስለሆነ ደጁ አህያና ሰው ነው። በአንድ በኩል የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ ያደርጋሉ፣ በሌላ በኩል የኔ ሕይወት ይጻፋል። ሲቪው ግማሽ ገጽ አልሞላ አለ። ሰብለ ፊደሉን አተለቀችው። አሁንም አልሞላም። ስለ ችሎታሽ ጻፊ አለችኝ። ምን ብዬ? ታታሪ፣ ታማኝ፣ መሪ መሆን የምችል... እጄ አልታዘዘኝ አለ። እሷው ጻፈችው። እኔ ዞር ብዬ ጤፍ የሚሰፍሩትን አየሁ።

ከዚያ ልምምድ። ሰብለ አሠሪ ሆነች፣ እግሯን አጣምራ። ለምን አንቺን እንቅጠር? አለች። እናንተ ካያችሁበት፣ አልኩ። እስክሪብቶ ወረወረችብኝ።

እሷ ምን ታደርግ። ሕፃን ሆኜ ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ ብዬ እየሮጥኩ ስመጣ እማዬ ጭኔን ነው የቆነጠጠችኝ። እንዲህ አይባልም፣ ሌላ ሰው ይበልልሽ አለች። ሌላ ሰው ሲልልኝ ታዲያ ደስ ብሏት ለጎረቤት ሁሉ ስትናገር ትውላለች። እኛ ቤት ራሱን የሚያወድስ ሰው ምግብ ላይ እንዳስነጠሰ ሰው ነው የሚታየው። አሁን በሁለት ሳምንት ጊዜ ይህን ከሰውነቴ አውጪው እየተባልኩ ነው።

ሰብለ ጫማዋን አዋሰችኝ። ተረከዝ ያለው። ትንሽ ይጠበኛል።

ታኅሣሥ 30፣ ማለዳ

ገና አለፈ። ዶሮው ተበላ፣ እንግዳው ሄደ። እኔ በረት ውስጥ ቆሜ ለበሬዎቹ በእንግሊዝኛ ራሴን አስተዋውቃለሁ። አይስቁም። ከሰው ይሻላሉ።

አባዬ ድርቆሽ ይዞ ገባና ሰማኝ። ምንድን ነው የምትይው? አለ። ነገርኩት። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ስለ ራስሽ ንገሪኝ ይላል፤ ከሌላው ለምን እንደምሻል እኔው አፍ አውጥቼ እናገራለሁ፤ በደንብ ካወደስኩ ይወስዱኛል።

አባዬ ድርቆሹን አስቀመጠ። ራስሽን በራስሽ? ያለ ሰው? አዎ አልኩት። የሚያውቅሽ ሰው አይጠየቅም? አይጠየቅም። እና ውሸታም ቢሆን በምን ያውቁታል? የበሬውን ጭንቅላት አሻሸ። ይህ ለሴት ልጅ ይከብዳል አለ በመጨረሻ። ለማንም ይከብዳል።

ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጥር 5፣ ንፋስ መውጫ፣ አመሻሽ

መንገዱ አልተዘጋም። እስካሁን ማመን አቅቶኛል። አክስቴ ቤት ነኝ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሊነቅለው ነው።

አባዬ አብሬሽ እሄዳለሁ ብሎ መጣ። እዚህ ጉዳይ አለኝ አለ። ምን ጉዳይ? አልነገረኝም። ውቂያው ሳያልቅ አውድማ ጥሎ የሚወጣ ሰው አይደለም። ብቻዬን መሄዴ አሳስቦት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ልብሱ ተተኩሷል። ሲቪው በላስቲክ ተጠቅልሏል። ስሜ ማስተዋል ይባላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ለውኃ ሥራ ልዩ ፍቅር... ውሸት። ዩኒቨርሲቲው መድቦኝ ነው። በኋላ ነው የወደድኩት። ይህ ይባላል ወይስ አይባልም? ሰብለን ልጠይቃት ብል ኔትወርክ የለም።

ሲቪውን ከትራሴ ሥር አድርጌ ልተኛ ነው።

ጥር 6፣ ንፋስ መውጫ

ከሰዓት ነው። በየተራው ልጻፍልሽ፣ ካልሆነ ይጠፋብኛል።

አዳራሹ። ሰው በሰው ላይ። ከስማዳም ከእስቴም ከየትም የመጣ ተመራቂ፤ ሁሉም ላስቲክ ይዟል፣ ሁሉም ጫማው የተውሶ ይመስላል። ጥግ ላይ የሙዚቃ ድምፅ ማጉያ ይጮሃል። የባንኩ ጠረጴዛ ሰልፍ እስከ ውጭ። የውኃ ፋብሪካው ጠረጴዛ ላይ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ከኋላው መነጽር ያደረገ ወጣት፣ ቀጭን ጺም፣ ደረቱ ላይ ባጅ። ደከም ያለ ፊት።

ተራዬ ደረሰ። ተቀመጪ አለኝ። ተቀመጥኩ። ስለ ራስሽ ንገሪኝ አለ።

ያን ሁሉ ለበሬ የተናገርኩት አንድም አልመጣ አለ። ነጠላዬን አፌ ላይ እንዳደረግሁ ያወቅሁት በኋላ ነው። ስሜን አልኩ። የተመረቅሁበትን አልኩ። ምን የሠራሽው ነገር አለ? አለኝ። ብዙም የለ አልኩ። ብዙም የለ! ለምን አንቺን እንውሰድ? አለ ሲቪውን እያገላበጠ። ወለሉን እያየሁ፣ እንደ ፈቃዳችሁ፣ አልኩ።

አመሰግናለሁ አለኝ። ሲቪዬን ከክምሩ ላይ ጣለው። የሚቀጥለው አለ።

ይኸው ነው። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ውኃ ቀድቶ የሚጠጣበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ተነሣሁ። የሰብለ ጫማ እግሬን ልጦታል። ወደ በሩ ስሄድ ሰልፉ ሲከፈል አየሁ። ሰው ግራና ቀኝ እየለቀቀ ነው። መጀመሪያ ባለሥልጣን መስሎኝ ነበር።

ሦስት በትር። ሦስት ነጭ ጋቢ። መ/ጌታ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከፊት፣ አያ ደሴ ቀጥለው፣ አያ ቢምረው ከኋላ። ከነሱ ኋላ አባዬ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

በአጠገቤ ሲያልፉ መ/ጌታ ዓይናቸውን እንኳ አላነሡብኝም፤ የምትጠየቀዋን ልጅ ማየት ነውር ነው። የትኛው ነው የውኃው? ብለው አባዬን ጠየቁት። አሳያቸው። ሄደው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

ልጁ ደነገጠ። ብድግ ብሎ ወንበር ሳበ። ተቀመጡ አባቶች። አንቀመጥም፣ ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን፣ አሉ። ድምፅ ማጉያውን አንድ ሰው ቀነሰው።

መ/ጌታ ጀመሩ። የአባቴን አባት፣ የእናቴን አባት፣ ከየት እስከ የት እንደሆንን ቆጠሩለት። ቤታችን ከሰው ጋር ተካስሶ እንደማያውቅ ነገሩት። ጾም እንደማልገድፍ። ታላቅ ሳይቀምስ እንደማልቀምስ። ልጁ ከአንገቱ ጎንበስ ብሎ እሺ፣ እሺ ይላል። ከዚያ አያ ደሴ ተቀበሉ። የእጅ ፓምፑን አነሡ። መንደራችን ያለው የእጅ ፓምፕ ተበላሽቶ ሴቶቻችን ገደል እየወረዱ ወንዝ ሲቀዱ፣ መለዋወጫ ይመጣል ተብሎ ዓመት ሲጠበቅ፣ ይህች ልጅ ፈትታ፣ ቆዳ ቆርጣ ውስጡን አበጅታ፣ እስከ ዛሬ ውኃ እንጠጣለን አሉ። ብታጠፋ እሷን አትያዙ፣ እኛን ጥሩን፤ ዋሶቿ እኛ ነን አሉ።

የእጅ ፓምፑን። ምን የሠራሽው ነገር አለ ሲለኝ ያላልኩትን።

አያ ቢምረው እንደ ወትሯቸው ምንም አላሉም። በትራቸውን አንዴ ወለሉ ላይ መታ አደረጉት።

ልጁ መነጽሩን አወለቀ። እሺ አባቶቼ፣ ሰምቻለሁ፣ ልጃችሁ ልጃችን ናት አለ።

ያኔ ተቀመጡ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ። መረቁት። ሰው አጨበጨበ፣ ሳቀ፣ ስልክ ወደ ላይ ተነሣ። እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያልኩ ነበር።

ውጭ ስንወጣ አባዬ ፊቱ በርቷል። ሰው ተናገረልሽ አለኝ። አላናገርኩትም። እስከ አክስቴ ቤት ከፊት ከፊቱ ሄድኩ።

ጥር 7፣ ማለዳ

አሁንም ተናድጃለሁ። ለማን እንደምነግር አላውቅም፣ ስለዚህ አንቺው ቻይው። የትም አገር ሥራ በሽማግሌ ይጠየቃል? ለፋብሪካ? እነዚያ ተመራቂዎች እስከ ዕድሜ ልክ ይስቁብኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሌሊቱን ሙሉ የአያ ደሴ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ቆዳ ቆርጣ ውስጡን አበጅታ። እዚያ ፓምፕ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀምጬ ስሠራ እሳቸው ዛፍ ሥር ነበሩ። ያዩኝ አልመሰለኝም። አይተውኛል። ሰው ስለ እኔ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ። ከንዴት ነው ብዬ ነበር። አይደለም።

ልጃችሁ ልጃችን ናት አለ። ምናልባት? ሰው ፊት ነው ያለው። መነጽሩን አውልቆ ነው ያለው።

ጥር 13፣ ከሰዓት

የስማዳው ቀጠሮ ዛሬ ነበር። ያው ሦስቱ መጡ። ለዚህ ነገር ሌላ ሽማግሌ የለንም።

ደጁ ላይ ቆሙ። አባዬም ተነሥቶ ቆመ። እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ ፈገግ ያለው አባዬ ነው። መ/ጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንዲት ልጅ ለሁለት ቤት አትጠየቅም፣ እኛው ጠይቀን እኛው ቃል ተቀብለንባታል፤ ልጁ ልጃችን ናት ብሏል፤ አሁን ለሌላ ብንጠይቃት አፋችን ምን አፍ ይባላል አሉ። ስማዳ ድረስ ወርደው ለሰውየው መልሱን ራሳቸው ሊያደርሱ ተነሡ። ሳይጠየቁ። ጠላውን ቀመሱ፣ ሄዱ።

ደብተሬ፣ እኔ ጓዳ ነበርኩ። መናገር እችል ነበር። አባቶቼ፣ ቢሮ ውስጥ ልጃችን ናት ማለት ደህና ዋሉ ማለት ነው፣ ሽማግሌ ላለማሳፈር የተባለ ነው፣ ማለት እችል ነበር። በእኛ ቤት ይህች ቃል ከተባለች ልጅ ተሰጠች ማለት ነው፤ ጠጅ ይጣላል፣ ቀን ይቆረጣል። ፋብሪካ ቤት ግን እንዲህ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቂያለሽ? እውነት እንዲሆን ስለፈለግሁ።

ጥር 21፣ ቀትር

ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ።

አልተደወለም። ስልኬን ይዤ ጠዋት ጠዋት ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ እወጣለሁ። እረኞቹ ለመዱኝ። አንዱ ኔትወርክ ጠባቂ ብሎ ስም አወጣልኝ። ሰብለ ብቻ ነው የምትደውለው፤ ስሟን ሳይ በደግነቷ እናደዳለሁ።

ቅዳሴ ሲያበቃ አያ ደሴ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠብቀው ተደወለ? አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። ይደውላል፣ ሰው ፊት ቃል የሰጠ ሰው ነው፣ አትስጊ አሉኝ። ባለፈው እሑድም እንዲሁ ብለውኛል። ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል አሁን። ያኔ ማንም አይጠይቀኝም ብዬሽ ነበር አይደል? ያን ዝምታ በእልልታ እቀበለው ነበር።

የስማዳው ሰውዬ ከእስቴ አጨ። የደግ ሰው ልጅ ናት አሉ። ከጾም በፊት ሠርጉ ነው። አልፈልገውም ነበር፤ አሁንም አልፈልገውም። ግን ዜናውን ስሰማ የምሠራውን አቁሜ ተቀመጥኩ። በሩ ክፍት ሆኖ አለመግባትና ተዘግቶ አለመግባት አንድ አይደሉም።

እማዬ አየችኝ። ወተት ሰጠችኝ።

ጥር 27፣ ከጉብታው ላይ

ደወልኩ። እኔው።

ቁጥሩ ከጠርሙሶቹ አጠገብ ካነሣሁት ወረቀት ላይ አለ። ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው ያ ባለ መነጽሩ አነሣ። ማን ልበል? ማስተዋል። ማስተዋል? ከጋይንት። አላስታወሰኝም። ሽማግሌ የላከችው አልኩ በመጨረሻ፤ አፌ ላይ እንደ እሬት መረረኝ።

ወዲያው አወቀኝ። ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ይህን ልንገርሽ። እነዚያ አባቶች ደህና ናቸው? እስከ ዛሬ ቢሮ ውስጥ እናወራቸዋለን፣ ደስ ሲሉ አለኝ። ሥራውስ? አልኩ። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስምሽ ከተለዩት ውስጥ የለም፣ ሌላ ጊዜ ስናወጣ ሞክሪ አለኝ። ቃል ሰጥተሃቸው ነበር እኮ አልኩት። ለማን? አለ፤ እውነቱን ነው፣ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ድምፁ ዝቅ አለ። እህቴ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ እምቢ ይባላል እንዴ? እኔም የገጠር ልጅ ነኝ አለኝ።

ይኸውልሽ። እሱም ነውር ፈርቶ ነው። አባዬም ነውር አይቶ ነው። እኔም ነውር ሆኖብኝ ነው ነጠላ አፌ ላይ የጫንኩት። የምወቅሰው ሰው እንኳ አጣሁ።

እረኞቹ አዩኝ። ስም የሰጠኝ ልጅ በጎቹን ይዞ ራቀ።

ጥር 30

ምንም።

ገብሱ ጎተራ ገባ። አውድማው ተጠረገ። ሥራ ስለሌለ ቁጭ ብዬ ፎቶዬን አያለሁ። አባዬ ዛሬ ለጎረቤት ሲያወራ ሰማሁት፤ የኔዋ በቅርቡ ባሕር ዳር ትሄዳለች ይላል። ድምፁ ውስጥ ያለው ነገር... ለእሱ እውነቱን መንገር አልቻልኩም። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። በሬ ጠጣ ወይ ብዬ ዘጋሁት።

ሰብለ ብቻ ታውቃለች። አለቀሰች። ከዚያ ባሕር ዳር የአጎቷ ልጅ ክፍል ተከራይታ እንደምትኖር ነገረችኝ፣ እንዲሁ፣ ምን እንደማደርግበት ሳታስብ።

መሞት አይደለም የምፈልገው፣ እንዳይመስልሽ። ለጥቂት ጊዜ ማንም የማያውቀኝ ቦታ መሆን ነው።

የካቲት 2፣ ጠዋት

ሌላ ጉድ። መ/ጌታ ወስነዋል። ራሳቸው ባሕር ዳር ሊሄዱ ነው። ሦስቱም።

እማዬ ናት የነገረችኝ፤ በሶ እየተፈጨላቸው ነው። ቃል የሰጠ ልጅ እስካሁን ካልደወለ ታሞ ይሆናል ወይም አለቃው ከልክሎት ይሆናል፣ ሄደን አለቃውን እንጠይቃለን ብለዋል። አያ ቢምረው ጭምር ተናገሩ አሉ፤ እሄዳለሁ አሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ያልተናገሩት ሰውዬ።

ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የፋብሪካው የብረት በር። ጥበቃው። ሦስት ሽማግሌ በትር ይዘው ፀሐይ ላይ። ማንን ነው የምትፈልጉት? ቀጠሮ አላችሁ? ዞር በሉ መኪና ይግባ። እነሱ ደግሞ አይቀመጡም። መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። ቆመው ይውላሉ። በዚህ አገር ተነሥተው የቆሙለት ጉዳይ ሳይፈጸም ቀርቶ አያውቅም፤ ሰው አክብሯቸው ነው የኖረው። በዚያ በር ላይ ግን ማን ያውቃቸዋል? ያ ልጅ በመስኮት አይቷቸው እንደማይወጣ አውቃለሁ። አፍሮ አይወጣም።

መ/ጌታ ከዚያ ተመልሰው እንደ ድሮው ሰው ፊት አፍ የሚከፍቱ አይመስለኝም። በኔ ምክንያት።

የካቲት 3፣ ከሰዓት

አደረግሁት።

ሊሰናበቱ መጡ። ስንቃቸው በአገልግል። ቆሙ ደጁ ላይ፣ እንደ ልማዳቸው። አባዬ ጋቢውን እየደረበ ነበር፤ እሱም ሊሄድ ነው። እኔ ከጓዳ ወጣሁ። ያልተጠራች ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ወጣሁ። ተደወለልኝ አልኩ።

በቃ እንዲሁ። ዛሬ ጠዋት ከጉብታው ላይ ተደወለልኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጀምሪ አሉኝ፣ አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ስለ ራሴ ጥሩ ነገር በሰው ፊት ተናገርኩ፣ እሱም ውሸት ነው።

እማዬ እልል አለች። አያ ደሴ አላልኳችሁም? አሉ። መ/ጌታ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው አማተቡ። ተቀመጡ። አያ ቢምረው እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። በሶውን እኔ እንድይዘው ተሰጠኝ።

አባዬ ውጭ ወጣ። በኋላ ሳየው ከአውድማው ጥግ ተቀምጦ ፊቱን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። ደስ ብሎት ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎት ነው።

ለሰብለ ደወልኩ። የአጎቷ ልጅ ለጊዜው ትምጣ ብላለች። እዚያ ምን እሠራለሁ? አላውቅም። ሰሃን አጥባለሁ። ያገኘሁትን። በየወሩ እየደወልኩ ሥራው ደህና ነው እላቸዋለሁ።

የካቲት 6፣ አርብ ገበያ፣ መናኸሪያ

ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፤ መስኮት አጠገብ። ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ጣራው ላይ ዶሮ እየጫኑ ነው። በሶው ጭኔ ላይ ነው። ፎቶዬን እማዬ ከግድግዳው አውርዳ በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ መሥሪያ ቤትሽ ስቀይው አለችኝ። ያዝኩት። ምን ልበላት?

ሦስቱም ሊሸኙኝ ከመንደር እዚህ ድረስ መጡ፣ በእግራቸው። አባዬ ሻንጣዬን ተሸክሞ። መናኸሪያው ውስጥ ሰው ወንበር አመጣላቸው፤ መኪናው ሳይነሣ አንቀመጥም አሉ። አሁንም በመስኮቱ እያየኋቸው ነው፤ ቆመዋል።

መ/ጌታ መረቁኝ። አያ ደሴ ወደ መስኮቱ ቀርበው፣ ለዚያ ለባለ መነጽሩ ልጅ ሰላምታችንን አድርሺልን አሉኝ። ብዙ አስቸገርነው፣ ልጁ ግን ቃሉን ጠበቀ፤ እንደዚህ ያለ ልጅ ያሳደጉ ወላጆች ይባረኩ በይልን አሉ።

እሺ አልኳቸው።

እሺ ካልኩ አይቀርም። የሰሃን አጠባ ሥራ ከመፈለጌ በፊት መጀመሪያ የምሄደው ወደዚያ በር ነው። ሥራ እንዲሰጡኝ አይደለም፤ ተስፋው ካለቀ ቆይቷል። ሰላምታቸውን ላደርስ ነው። ጥበቃው ተመለሺ ይለኛል፤ እቆማለሁ። እስኪወጣ እቆማለሁ። ፊት ለፊት አይቼው፣ ነጠላዬን ከአፌ አንሥቼ፣ እነዚያ ሦስቱ ቃልህን እንደጠበቅህ ያምናሉ፣ መርቀውሃል፣ እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን...

ረዳቱ በሩን ዘጋው። አባዬ እጁን እያነሣ ነው፣ ቆይ እጄን ላውለብልብለት።